ሚኒሞ ላይ ብልጭ የምትለው ቀይ መብራት የመኪና ዋጋ ታናጋለች

ያገለገለ መኪና ሲሸጥና ሲገዛ ቀለሙ ይታያል፣ ጎማው ይረገጣል፣ ሊብሬው ይገላበጣል፣ የሻንሲ ቁጥሩ ይመሳከራል። ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይነሳል። ደላላው “ሞተሩ አልተነካም” ይላል፣ ገዥው አንገቱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ከዳሽቦርዱ ጥግ ጀበና የመሰለችው ቀይ የዘይት መብራት ደግሞ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ምስጢር አታወጣም። የምትናገረው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ መኪናው መብራት ላይ ወይም መንገድ ተዘግቶ በሚኒሞ ሲቆም ነው። ያን ጊዜ ብልጭ ካለች ገዥው ሽሽት ይጀምራል፣ ሻጩ ይምላል፣ ደላላውም ኮሚሽኑ ከእጁ ስታመልጥ ይታየዋል።

የነገሩ አስቸጋሪነት መብራቷ አንዳንድ ጊዜ እውነቷን መሆኗ፣ አንዳንድ ጊዜም ሐሰቷን መሆኗ ላይ ነው። በጥቂት ብር ሴንሰር የሚታረም ጥፋትና ሞተር አስወርዶ የሚያስከፍት ጥፋት በአንድ ዓይነት ቀይ ቀለም ነው የሚታዩት። ሳይለካ የሚቆረጥ ዋጋ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ወገን ይጎዳል። ያለበቂ ምክንያት ዋጋ የሚያወርድ ሻጭ አለ፣ የሞተ ሞተር በጤነኛ ዋጋ የሚገዛም አለ።

ጉዳዩ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ወሰነ። በመሆኑም በቤንዚን የሚሄድ የቤት መኪና ፈላጊ የሚገበያየው ቀድሞ በገባው ላይ ነው። አንድ ኮሮላ ወይም ቪትዝ አራተኛና አምስተኛ እጅ ላይ ሲደርስ ዋጋው ከመውረድ ይልቅ ወደ ላይ ሲወጣ የታየበት ገበያ ነው። መኪናው አረጀ፣ ዋጋው ግን ሚሊዮንን አለፈ። የሞተሩ ዕድሜና የዋጋው ልክ ሲራራቁ፣ በመካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍነው የገዥው ኪስ ነው።

ለአብነት እንዲህ ያለ ግብይት ይታሰብ። በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ የተሠራ፣ 4ኤ-ኤፍኢ የተባለው 1.6 ሞተር ያለው ኮሮላ ለሽያጭ ቀርቧል። ገዥው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፣ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ መብራቷም ወዲያው ትጠፋለች። ዋጋ ተነጋግረው ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ገዥው መኪናውን ልንዳው ይላል። ከፒያሳ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ አድርጎ የእንጦጦን ዳገት ይወጣና ይመለሳል። አራት ኪሎ ላይ የትራፊክ መብራት ሲይዘው ቀይዋ ጀበና ብልጭ ድርግም ትላለች። ነዳጅ ሲረግጥ ትጠፋለች፣ ሲለቅ ትመለሳለች።

“ሴንሰሩ ነው ጋሼ፣ የሁሉም ኮሮላ እንዲህ ነው” ይላል ደላላው።

ገዥው ደግሞ “ሞተሩ ሊወርድ ነው ማለት ነው፣ ይኸን ያህል ቀንሱልኝ” ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ሳያውቁ ነው።

መብራቷ ምን ትላለች?

ብዙ አሽከርካሪ የዘይት መብራት ዘይት ማነሱን የምትነግር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ መብራቷ የምትነግረው ዘይቱ በሞተሩ ቧንቧዎች ውስጥ ያለውን ግፊት ነው። መጠኑ ሙሉ ሆኖ ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል። መጠኑ በግማሽ ጎድሎም ግፊቱ ለጊዜው ደህና ሊሆን ይችላል። መብራቷን የምታበራው ከሞተሩ ብሎክ ላይ የተጠመደች ትንሽ ሴንሰር ናት፤ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ በታች፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ወረዳውን ዘግታ መብራቷን ታበራለች። ስለዚህ መብራት በራ ማለት ግፊቱ ትንሽ ቀነሰ ማለት ሳይሆን ወደ መጨረሻው ጠርዝ ተጠጋ ማለት ነው። ሴንሰሯ ደህና ከሆነች ማለት ነው።

ሚኒሞ ላይ የሚብሰው ለምንድን ነው? የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ነው። ፓምፑ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው ዘይት የተወሰነ ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ የሚሰጠውን ያህል በ750 ዙር ሊሰጥ አይችልም፤ የሚሰጠው ወደ ሩብ ይወርዳል። በሌላ በኩል ዘይቱ በየብሮንዚኑ ዳርና ዳር የሚያፈሰው ክፍተት ሚኒሞ ላይም ያው ነው። ብሮንዚን የሚባሉት ኮሎ የተሰኘውን የሞተሩን ዋና ዘንግና ቢየላዎቹን የሚሸከሙት ቀጫጭን ግማሽ ክብ ብረቶች ናቸው። በነርሱና በኮሎው መካከል ያለው አዲስ ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት እንኳ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይወፍራል። ክፍተቱ በሰፋ መጠን የሚያፈሰው ዘይት የሚጨምረው በዚያው ልክ አይደለም። እጥፍ ሲሰፋ የሚያመልጠው ዘይት ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ግማሽ ወረቀት የማይሞላ መበላት ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ዘይት የሚያስጠማው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱም አለ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት በቀላሉ ያመልጣል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ወፍራሙ ዘይት ክፍተቱን ይሸፍነዋል። ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ የፓምፑ ብዛት ይሸፍነዋል። ሞቆ በሚኒሞ የቆመ ሞተር ግን ሁለቱም መሸፈኛ ተነስቶለታል። ቅዳሜ ጠዋት የሚደረግ የቀዝቃዛ ሞተር ፍተሻ የሚያሳየው ሞተሩን ሳይሆን የዘይቱን ውፍረት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የገበያው ብልሃቶች

ይህን የሚያውቅ ሻጭ ማድረግ የሚችለውን ያደርጋል። ቀላሉ ብልሃት ወፍራም ዘይት መሙላት ነው። በዘይት ጣሳ ላይ የሚጻፈው ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት የሚያመለክት ነው። 10ደብልዩ-30 ሊገባበት የሚገባ ሞተር 20ደብልዩ-50 ቢገባበት፣ በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለው የዘይቱ ውፍረት ወደ እጥፍ ይጠጋል። መብራቷ ትጠፋለች፣ ብሮንዚኑ ግን እንደተበላ ነው። ማር የመሰለ ውፍረት ያላቸው በጠርሙስ የሚሸጡ ማጠናከሪያዎችም ሥራቸው ከዚህ አይለይም። ወፍራም ዘይት ሁሉ የማጭበርበር ምልክት ነው ለማለት አይደለም፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ለሄደ ሞተር አምራቹ በሚፈቅደው ወሰን ውስጥ ከፍ ያለ ውፍረት መጠቀም የተለመደ ነው። ገዥው ማወቅ ያለበት የሚለካው ግፊት በየትኛው ዘይት እንደተገኘ ነው።

ሁለተኛው ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ ነው። በደቂቃ 750 ዙር መቆም የሚገባው ሞተር 1,000 ወይም 1,100 ላይ ቢስተካከል ፓምፑ ይበረታል፣ መብራቷ ዝም ትላለች። የዙር መቁጠሪያ በሌለው መኪና ላይ ይህን በጆሮ መለየት ልምድ ይጠይቃል። ኤየር ኮንዲሽነሩን አብርቶ “ሚኒሞው እንዲህ የሆነው በሱ ነው” ማለትም አለ፤ አጥፍቶ ማየት ነው።

ሦስተኛው የከፋው ነው። አምፖሉ ይነቀላል፣ ወይም የሴንሰሯ ሽቦ ይቆረጣል፣ ወይም መብራቷ ከባትሪ መሙያው መብራት ጋር ትያያዝና አብራ በርታ አብራ ትጠፋለች። የመጀመሪያዎቹን ለመያዝ ቁልፉን ከማስነሻው በፊት እስካለው ደረጃ አዙሮ ሞተር ሳያስነሱ ማየት ይበቃል፤ የዘይት መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች አንድ ነገር ተነክቷል። የመጨረሻውን ለመያዝ ግን ቁልፉ እንደተከፈተ፣ ሞተሩም ጠፍቶ ሳለ ሽቦውን ከሴንሰሯ ላይ መንቀል ያስፈልጋል። ባለመብራት ሴንሰር ባላቸው መደበኛ መኪኖች ላይ ሽቦው ሲነቀል መብራቷ መጥፋት፣ ሽቦው የሞተሩን ብረት ሲነካ ተመልሳ መብራት አለባት። ተነቅሎም ከበራች ሽቦው የሆነ ቦታ ተላልጦ ብረት ነክቷል፣ ካልሆነም መብራቷ የምትሠራው ለሌላ ጌታ ነው።

ሃያ ደቂቃና አንድ ጌጅ

ክርክሩን የሚዘጋው መለኪያው ነው። የዘይት ግፊት ጌጅ ከቱቦውና ከጫፍ ማገናኛዎቹ ጋር በማንኛውም ደህና ጋራዥ ይገኛል። ሴንሰሯ ትፈታና በምትኩ ጌጁ ይታሰራል። ሥራው የሚወስደው ጊዜ ቡና ተፈልቶ ከሚጠጣበት አይበልጥም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የጃፓን መኪኖች የሴንሰር ጥርስና የአሜሪካን ስሪት ጌጆች ጥርስ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። ሁለት ዙር ከሄደ በኋላ እየጠበቀ የሚመጣውን በቁልፍ አስገድዶ ማሰር ከአሉሚኒየም የተሠራውን ቤት ያሰነጥቃል፣ ጥርሱንም ይበላል። ሳይሸጥ የተበላሸ መኪና ባለቤቱ ማን እንደሆነ መጠየቅ የሚጀምረው ያኔ ነው። ትክክለኛ ማገናኛ የሌለው ጋራዥ ባይነካው ይሻላል።

ቀጥሎ ሞተሩን ማሞቅ ነው። የውኃው የሙቀት መርፌ መሐል ላይ ቆመ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም። ዘይቱ ከውኃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል መንገድ ላይ መንዳት ያስፈልጋል፤ ለዚህ አዲስ አበባ ዳገት አላነሳትም። ከዚያ በኋላ ግፊቱ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ አንዴ በትክክለኛው ሚኒሞ፣ አንዴ በደቂቃ 3,000 ዙር።

ልኩ ስንት ነው? ከቶዮታ የጥገና መጻሕፍት እንደሚታየው ለ4ኤ-ኤፍኢና ለ7ኤ-ኤፍኢ ሞተሮች በሚኒሞ ቢያንስ 0.3 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር፣ ይኸውም 4.3 ፒኤስአይ ያህል ያስፈልጋል። በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ፣ ወይም ከ36 እስከ 71 ፒኤስአይ ነው። አንድ ኪሎና አንድ ባር ለዚህ ሥራ እኩል ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከዝቅተኛው ልክ በብዙ ይበልጣል። በየጋራዡ የሚነገረው “ለያንዳንዱ ሺ ዙር አሥር ፒኤስአይ” የሚለው ቀመር ከአሜሪካ ትልልቅ ሞተሮች የመጣ ነው፤ በእርሱ ብቻ ኮሮላ መጣል ጥሩ መኪና ማምለጥ ይሆናል። ሌላ ሞተር ሌላ ልክ አለውና የዚያኑ ሞተር መጽሐፍ ማየት ግድ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ሞተሮች ግፊታቸውን በኮምፒውተር የሚቀያይር ፓምፕ ስላላቸው ለእነርሱ ይህ ንባብ በቀጥታ አይሠራም።

የሁለቱ ንባቦች ጥምረት ነው ወሬውን የሚያወራው። ሁለቱም ደህና ሆነው መብራቷ ከበራች ጥፋቱ የሴንሰሯ ወይም የሽቦው ነው፤ ሻጩ እውነቱን ነበር። ሚኒሞ ላይ ወድቆ በ3,000 ዙር ደህና ከሆነ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም ክፍተቱ ሰፍቷል። ሁለቱም ቦታ ከወደቀ ግን ዓይን ወደ ፓምፑ፣ ወደ መምጠጫው ወንፊትና ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ይዞራል። ይህ ቫልቭ ግፊቱ ሲበዛ ትርፉን ዘይት የሚመልስ ነው፤ በቆሻሻ ተይዞ ክፍት ከቀረ የተገፋው ዘይት ሁሉ በእርሱ በኩል ወደ ኮፓው ይመለሳል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ሞተር ከመክፈት በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ተራቸውን የጠበቀ ገንዘቡን ይቆጥባል። የዘይት መለኪያው ብረት ተመዝዞ ይታያል። መጠኑ አንሶ መብራቷ የምትበራ ከሆነ፣ በተለይ ፍሬን ሲያዝ ወይም ኩርባ ላይ፣ ጥያቄው ዘይቱ የት ሄደ የሚለው ነው። 1ዜድዜድ-ኤፍኢ የተባለው የኋለኞቹ ኮሮላዎች ሞተር በቀደሙት ዓመታት ስሪቱ ዘይት በመብላት በሰፊው የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ብሮንዚኑ ደህና ሆኖ ባለቤቱ ዘይት ስለማይጨምርለት ብቻ ሊበላሽ ይችላል።

መጠኑ ከልኩ በላይ ከሆነ ደግሞ ደስ አይበልህ። ዘይት በራሱ አይጨምርም፤ ነዳጅ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሽታው ይናገራል። በአሮጌዎቹ ባለካርቡራተር መኪኖች ላይ የሜካኒካል ቤንዚን ፓምፑ ጎማ ሲቀደድ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ኮፓው ይፈሳል። በናፍታ ሞተሮች ላይ የሚያፈሱ መርጫዎች ያንኑ ያደርጋሉ። በነዳጅ የቀጠነ ዘይት ሚኒሞ ላይ ግፊቱ ቢወድቅ የሚያስገርም አይደለም፤ ምክንያቱ ተስተካክሎ ዘይቱ ሲለወጥ፣ በጊዜ ከተደረሰበት፣ ግፊቱ ይመለሳል። መለኪያው ላይ ወተት በቡና የመሰለ ነገር ከታየ ደግሞ ውኃ ገብቷል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው፣ ርካሽም አይደለም።

ከዚያ በኋላ ዘይትና ፊልትሮ ይለወጣል። ትክክለኛው ውፍረት፣ ምንጩ የሚታወቅ ጣሳ፣ ደህና ፊልትሮ። ከዚህ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ ሞተር ያስከፍታል።

ኮፓው ሲወርድ ብዙ ነገር ይታያል። የመምጠጫው ወንፊት በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ ቀደም ኮፓውን ያሸገው ሰው ሲሊኮን አብዝቶ ከሆነ፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ቁራጭ ተልጦ ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በአንዲት ጣት በማታክል የሲሊኮን ቁራጭ ሞተር ያጡ መኪኖች አሉ። ኮፓው ሥር የወርቅ አቧራ የመሰለ ብልጭልጭታ ወይም የመዳብ ቀለም ያለው ስንጥቅጣቂ ካለ ግን ብሮንዚኑ መሄዱን አምኖ መቀበል ነው።

ብሮንዚን ብቻ ለውጦ መዝጋት የሚባለው የግማሽ ሥራ በገበያ ውስጥ የተለመደ ነው። ኮሎው ሳይለካ፣ የተበላው ሳይታወቅ፣ አዲስ ብሮንዚን ይገባና መብራቷ ለጥቂት ወራት ትጠፋለች። ኮሎው ከክብነቱ ከወጣ ወይም ከተቧጨረ ቶርኖ ቤት ሄዶ መሞረድና ለዚያ የሚሆን 0.25 ወይም 0.50 ሚሊሜትር የወፈረ ብሮንዚን ማግኘት ይጠይቃል። ስለዚህ “ብሮንዚን ተለውጧል” ለተባለ መኪና ተከታዩ ጥያቄ “ኮሎውስ ተለክቷል ወይ?” ነው። መልሱ ዝምታ ከሆነ ዋጋው ውስጥ ማስገባት ነው።

ጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴዎች ይህን ሁሉ ከቤት መኪና ገዥ በተሻለ ያውቁታል። ብዙዎቹ ጭነት መኪኖች ከመብራት ሌላ የግፊት መርፌ ስላላቸው ሾፌሩ መርፌው ሚኒሞ ላይ የሚቆምበትን ቦታ በየሳምንቱ ቢጽፍ፣ መውደቁ መብራት ሳትበራ ከወራት በፊት ይታያል። መንገድ ላይ እየሄዱ መብራት ከበራ ግን ምርመራ የለም፤ ዳር ይዞ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው። “እስከ ከተማ ያድርሰኝ” ያለ ሾፌር ብዙውን ጊዜ የሚያደርሰው ሌላ መኪና ጎትቶት ነው።

ውሉ ላይ የሚጻፈው

ወደ ኮሮላው እንመለስ። ሦስቱ ሰዎች ጋራዥ ገብተው ጌጅ ታሰረ እንበል። ሞተሩ እንደሞቀ ሚኒሞ ላይ 0.4፣ በ3,000 ዙር ደግሞ 2.7 ያሳያል። ሻጩ ፊቱ ይፈታል፤ ከልኩ በላይ ነውና። መካኒኩ መለኪያውን መዝዞ ዘይቱን በጣቶቹ መካከል ያሻል። “ይኼ ስንት ቁጥር ነው?” ይጠይቃል። ሻጩ ትንሽ ዘግይቶ 50 መሆኑን ይናገራል።

እዚህ ላይ ገዥው ሁለት መንገድ አለው። ወይ በመጽሐፉ መሠረት አልፏል ብሎ መግዛት፣ ወይ በትክክለኛው ዘይት እንደገና ይለካ ብሎ መጠየቅ። ሁለተኛውን ይመርጣል፣ የዘይቱንና የፊልትሮውን ሒሳብም እርሱ ይችላል። ሚሊዮን ከሚያወጣ ሰው ይህ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም። በ10ደብልዩ-30 ሚኒሞ ላይ 0.2፣ በ3,000 ዙር 2.3 ይነበባል። ሁለቱም ከልኩ በታች ናቸው። ሴንሰሯ ጤነኛ ነበረች ማለት ነው። ሁለቱም ንባቦች ስለወደቁ ግን ጥፋቱ የብሮንዚን ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ወንፊቱም ፓምፑም ገና አልታዩም።

ሕጉ በዚህ መሐል የሚለው አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዥንም ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ጉድለቱን ሆን ብሎ በተንኮል የሸሸገ ሻጭ “ዋስትና የለብኝም” በሚል ቃል ሊሸሸግ አይችልም። የሚያስቸግረው ግን ማስረዳቱ ነው። ለውልና ማስረጃ በሚቀርበው ወረቀት ላይ “አይቼና መርምሬ ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ” ብሎ የፈረመ ገዥ፣ ወፍራሙ ዘይት ሆን ተብሎ የገባ መሆኑን ከወራት በኋላ በምን ያስረዳል? ዘይቱ ራሱ ተለውጧል።

ስለዚህ የተለካው ቢጻፍ ለሁለቱም ይበጃል። የተለካበት ቀን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ ሚኒሞው በስንት ዙር እንደነበር፣ ግፊቱ ሚኒሞ ላይና በ3,000 ዙር ስንት እንደሆነ በሁለት መስመር ያልቃል። ለሻጩም ቢሆን ይህች ወረቀት ጋሻ ናት፤ ገዥው ዘይት ሳይጨምር ሞተሩን አቃጥሎ ቢመጣ የሚመልስለት መልስ አለው። ደላላም ቢሆን ከወር በኋላ ስልኩን ከማጥፋት ይድናል።

የኮሮላው ግብይት በዚህ መልክ ያልቃል እንበል። ኮፓው በገዥና በሻጭ ፊት ይወርዳል። ወንፊቱ በግማሽ ተደፍኖ ይገኛል፤ ኮፓው ሥር ግን ብልጭልጭታ የለም። ከዋናዎቹ ብሮንዚኖች ሁለቱ ተከፍተው ይታያሉ፣ መበላት ጀምረዋል፣ ኮሎው ግን ልሙጥ ነው። ወንፊቱ ታጥቦ፣ ፓምፑ ተፈትሾ፣ ኮሎው ተለክቶ፣ ብሮንዚኑ ሙሉ በሙሉ እንዲለወጥ ይስማማሉ። የዕቃው ዋጋ በሻጩ፣ የእጅ ዋጋው በገዥው ይሆናል። ቀብዱ በደላላው እጅ ይቆያል፣ ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመውም ጌጁ ለሦስተኛ ጊዜ ታስሮ በሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከተነበበ በኋላ ነው።